ለእስስት የሚቀርቡ ሕያው ነፍሳት፦ አያያዛቸውና አመጋገባቸው

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ለማስተማሪያ በፈቃድ የተያዘች አንዲት እስስት አለች፤ የምመግባትም እኔ ነኝ። ዋና ምግቧ በፉርሽካ የማራባው የዱቄት ትል ሲሆን፣ ተማሪዎችም አልፎ አልፎ ከየማሳው ፌንጣ ይዘውላት ይመጣሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ትሉን ለመያዝ ምላሷን ስትወረውር ከግማሽ መንገድ ይመለስባታል፤ ቅርንጫፍ የጨበጠ የፊት እግሯም ይንቀጠቀጣል። ፌንጣዎቹ ደግሞ በባልዲ ከድኜ ባሳደርኳቸው ቁጥር አብዛኞቹ ሞተው ያድራሉ። ከንብ ቀፎ የሚወጣውን ነጭ ትል እያቀመስኳት ባበረታታትስ? የምታውቁትን ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ምላሽ (ከባሕር ዳር)

የገለጹት ምልክት የካልሲየም እጥረትን ስለሚመስል፣ ምግቡን ከማስተካከልዎ ጎን ለጎን ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩዋት፤ አጥንቷ ከለሰለሰና መንጋጋዋ ከተጣመመ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው። በምግቧ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በእጥፍ ገደማ ሊበልጥ ይገባዋል፤ በዱቄት ትልና በፌንጣ ገላ ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ትሉ የሚኖርበት ፉርሽካም ፎስፈረስ የበዛበት በመሆኑ ጉድለቱን አያቃናውም። ስለዚህ እስስቷን ከመመገብዎ በፊት ትሉን ይመግቡት፦ ለእርሷ ከመቅረቡ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አስቀድሞ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ሲበላ ይቆይ፤ በሆዱ የያዘው ሁሉ ወደ እርሷ ይገባልና።

ይህም ብቻውን አይበቃም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ በደንብ አድርቀው፣ በሙቀጫ ወቅጠው እንደ ዱቄት እስኪልም ይንፉት፤ ከዚያም ትሎቹን ከአንድ ቁንጥር ዱቄት ጋር በትንሽ ዕቃ ውስጥ ነጭ እስኪለብሱ ድረስ ነቅነቅ አድርገው ወዲያውኑ ይስጧት፤ ከቆየ ይራገፋል። ቫይታሚን ዲ የተቀላቀለበትን የተዘጋጀ ዱቄት ካገኙ ግን በየቀኑ አይጠቀሙበት፤ ሲበዛ ይመርዛልና። በመስኮት አጠገብ የምትቀመጥ ከሆነ ደግሞ መስታወቱ የምትፈልገውን የአልትራቫዮሌት ጨረር እንደሚያስቀርባት ይወቁ፤ ያለዚያ ጨረር ካልሲየሙን በሚገባ ልትጠቀምበት አትችልም። ቀኑ ብራ በሆነ ጊዜ መጠለያ ጥላ ሳያሳጧት ፀሐይ ላይ ያውጧት፤ በክረምቱ ደመና ግን ለእንስሳቱ የተሠራ አምፖል ያስፈልጋታል።

ምላሽ (ከመራዊ)

ፌንጣዎችዎን የሚገድላቸው መታፈንና እርጥበት ይመስለኛል። ክዳኑን ቀደው ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ያድርጉበት፤ እየተንጠላጠሉ እንዲለያዩም የእንቁላል መያዣ ካርቶን ያስገቡላቸው። ውኃ በሳህን ካስቀመጡላቸው ይሰምጣሉ፤ ቁራጭ ካሮት ወይም ድንች ይበቃቸዋል፣ እሱም ሳይሻግት ይለወጥ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ የሌሊቱ ብርድ ስለሚያደነዝዛቸው ዕቃውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አያሳድሩት።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የፌንጣዎቹ ምንጭ ነው። በእኛ አካባቢ፣ በቆጋ መስኖ ዙሪያ፣ አትክልት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ መድኃኒት ያገኘው ፌንጣ ደግሞ ዝሎ ስለሚቀመጥ ልጆች በቀላሉ የሚይዙት እርሱኑ ነው። ስለዚህ ያልተረጨ መሆኑን ከሚያውቁት የግጦሽ ሣር ላይ ብቻ ያስይዙ። ቀይና ቢጫ ቀለም የደመቀባቸውን፣ በተለይም በቆላ ጦቢያ በሚባለው ወተታም ቁጥቋጦ ላይ የሚገኙትን ፌንጣዎች፣ እንዲሁም አበባ ላይ ሰፍረው ሲነኩ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ የሚያወጡትን ጥንዚዛዎች ፈጽሞ አይስጧት። የሚሰጧት ነፍሳት መጠንም በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ፤ ሳትበላው የቀረውንም ማታ ያውጡት፤ የተራበ ፌንጣ በእንቅልፍ ላይ ያለችን እስስት ሊነክስ ይችላል።

ምላሽ (ከቡሬ)

ንብ አናቢ ስለሆንኩ ስለ ነጩ ትል የማውቀውን ልናገር። ያ ትል የሰም የእሳት ራት ልጅ ሲሆን፣ ንቦቹ የደከሙበት ቀፎና ተከማችቶ የከረመ የማር እንጀራ ውስጥ ይገኛል። ቅባቱ ብዙ፣ ካልሲየሙም ጥቂት በመሆኑ ለታመመችው እስስትዎ መድኃኒት አይሆናትም። ጣዕሙን ከለመደች ሌላውን ምግብ እምቢ ልትል ስለምትችል፣ አንድ ወይም ሁለት ትል አልፎ አልፎ ብቻ፣ ያውም በእንቁላል ቅርፊቱ ዱቄት ለውሰው፣ ይስጧት። ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ከተደረገበት እንጀራ የወጣውን ግን አንድም እንኳ አይስጧት።

ትሉን ለማቆየት ከፈለጉ ጨርቅና ጣውላ ሳይቀር በስቶ ስለሚወጣ በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ፣ አፉን በጥቅጥቅ ሽቦ ከድነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። አደራ የምለው ግን ዕቃው ቀፎ ካለበት ግቢ እንዲርቅ ነው፤ አንዲት የእሳት ራት ካመለጠች በጎረቤት ደካማ ቀፎ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች።