የማኅበራችን የሞኑመንት ቫሊ ጉዞ፣ ረቂቅ 3፦ አስተያየት እስከ እሑድ ማታ ብቻ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ይኸው። ሰኞ ለቦርዱ ይቀርባል። የወጣቶች በጀት እስከ መስከረም ካልወጣ ወደ አዳራሽ ኪራይ ይዞራል፤ ማን እንደሚደሰት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።
ዓላማ፦ ልጆቻችን የምንኖርበትን ምድር ታሪክ ከባለቤቶቹ አፍ እንዲሰሙ።
ቦታ፦ ሞኑመንት ቫሊ፣ የናቫሆ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) ፓርክ። ቀን፦ የሌበር ዴይ (የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል) ቅዳሜ፣ ደርሶ መልስ።
መነሻ፦ ፊኒክስ (አሪዞና)፣ ከአዳራሹ በር፣ 12 ሰዓት።
መጓጓዣ፦ አንድ ትልቅ አውቶቡስ። መግቢያ በሰው 8 ዶላር። ከናቫሆ አስጎብኚ ጋር ጉብኝት 7 ሰዓት ላይ። ቀብድ ገና አልከፈልንም።

የሜሳው (ሜሳ፣ ቻንድለር፣ ግሌንዴልና ቴምፔ የፊኒክስ ጎረቤት ከተሞች ናቸው)፦ 12 ሰዓት በማን?

ጸሐፊዋ፦ በእኛ። ጠዋት።

የሜሳው፦ ያለፈው የሴዶና ጉዞ ጊዜም "በእኛ" ነው የተባለው። እኔና ባለቤቴ እኩለ ቀን ላይ ክትፎ ይዘን ባዶ በር ላይ ቆመናል። ብራችንም አልተመለሰም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንደማይመለስ ቃለ ጉባኤ ተይዟል።

የቻንድለሯ፦ ሲክስ ኤ ኤም ብላችሁ ጻፉና ገላግሉን።

ጋሼ (የግሌንዴሉ)፦ በአማርኛ የሚጻፍ ረቂቅ ሰዓቱም በአማርኛ ይቆጠር። ልጆቹ ይህን ካልሰሙ ምኑን ነው የምናስተምራቸው?

የቻንድለሯ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ በሰዓቱ ይመጣሉ። የሚያረፍዱት አባቶቻቸው ናቸው።

የአውቶቡስ ጉዳይ፦ አንዴ ስሙኝ። አከራዩ ጋ ደውዬ ነበር። ሹፌሩ 10 ሰዓት ብቻ ነው የሚነዳው። የፌዴራል ሕግ ነው።

የሜሳው፦ 10 ሰዓት የቀኑ ነው የሌሊቱ?

የአውቶቡስ ጉዳይ፦ ኧረ ርዝመቱን ነው! መሪ ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ!

የቻንድለሯ፦ አያችሁ? ኤ ኤም፣ ፒ ኤም ያልኩት ለዚህ ነው።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሌላም ነገር አለ። ሰመር ላይ የናቫሆ ምድር ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ያዞራል። አሪዞና አያዞርም። የጉብኝቱ 7 ሰዓት በእነሱ ከሆነ ለፊኒክስ 6 ሰዓት ነው። በ12 ተነስተን፣ ፍላግስታፍ ቁርስ በልተን፣ አምስት ሰዓት ተኩል ተነድቶ አንደርስም።

ጸሐፊዋ፦ እንዴ። እርግጠኛ ነህ?

የወጣቶች ተወካይ፦ አዎ። መሐል ላይ ያለው የሆፒ (የሌላ ነባር ሕዝብ) ምድር ደግሞ አያዞርም። ቱባ ሲቲ ናቫሆ ነው፣ አጠገቡ ሞእንኮፒ ሆፒ። ስልካችሁ ወዲያና ወዲህ ሲዘል አትደንግጡ።

የሜሳው፦ ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለን። የእኛ ሲጨመር ሦስት። እኔ ከቤቴ አልነቃነቅም።

ጋሼ (የግሌንዴሉ)፦ እኔ ግን ወደድኳቸው። አሪዞና መሐል ተቀምጠው የራሳቸውን ሰዓት ይዘዋል። እኛ በአንድ የሴዶና ጸብ የአያቶቻችንን ቆጠራ እንጣል?

የቻንድለሯ፦ ማን ጣሉ አለ? በጽሑፍ ይለይ ነው የምለው!

ጋሼ (የግሌንዴሉ)፦ አትጩኺብኝ ልጄ።

የቻንድለሯ፦ አልጮኽኩም። ይቅርታ። ግን አልጮኽኩም።

የመስተንግዶ ኮሚቴ፦ ጠጁን በየትኛው ጀሪካን እንያዝ?

የወጣቶች ተወካይ፦ በየትኛውም። ናቫሆ ምድር ላይ መጠጥ መያዝም መጠጣትም ክልክል ነው።

የመስተንግዶ ኮሚቴ፦ ጠጅ እኮ ማር ነው።

የወጣቶች ተወካይ፦ ይህን ለናቫሆ ፖሊስ ንገሪልን፣ እትዬ።

የቪዲዮ ልጅ፦ እኔ ድሮን ይዤ እመጣለሁ፣ በነጻ። እነዚያ ቀይ ድንጋዮች ከላይ ሲታዩ!

የወጣቶች ተወካይ፦ ድሮንም ክልክል ነው።

የቪዲዮ ልጅ፦ እንግዲያው እኔ ሥራ አለብኝ።

ጸሐፊዋ፦ ወደ ሰዓቱ እንመለስ። "መነሻ ከጠዋቱ 11 ሰዓት፣ በፊኒክስ አቆጣጠር" ብጽፍስ? አንድ ሰዓት ቀደም ብለን።

የሜሳው፦ በፊኒክስ አቆጣጠር 11 ሰዓት እኮ ፈረንጁ ረፋድ ላይ የሚለው ነው። ይኸው ገና ሳንነሳ ተሳሳትን።

ጋሼ (የግሌንዴሉ)፦ "ጎሕ ሲቀድ" ብላችሁ ጻፉት።

የቻንድለሯ፦ 😂 ጋሼ በዚህኛው ተስማምቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እናንተ ጎሕ እየጠበቃችሁ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። የስም ዝርዝር የት አለ? "እኔ እሰበስባለሁ" ያለው ሰው ነበር።

ጸሐፊዋ፦ እሱ ትናንት ከቡድኑ ወጥቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ ዝርዝሩን ይዞ?

ጸሐፊዋ፦ አዎ።

የቴምፔው፦ እኔ የብሔራዊ ፓርኮች ፓስ አለኝ። መኪናዬ ላይ ያለ ሁሉ በነጻ ይገባል። 8 ዶላሩ ለምን?

የወጣቶች ተወካይ፦ እዚያ አይሠራም። ፓርኩ የፌዴራል አይደለም። በፈረንጆች 1958 የናቫሆ ምክር ቤት ራሱ ያቋቋመው ነው፤ ብሩም ወደ እነሱ ነው የሚገባው። እነዚህ በ1864 በወታደር ተገደው በእግራቸው ወደ ኒው ሜክሲኮ የተነዱ ሰዎች ናቸው። በ1868 ውል ፈርመው ወደ ርስታቸው ተመለሱ። ከስደት ወደ አገራቸው የገቡ ማለት ነው። የእኛ ልጆች ይህን ቢሰሙ ምን ይጎዳል? ረቂቁን የጻፍነው ለዚህ መስሎኝ።

ጋሼ (የግሌንዴሉ)፦ ተባረክ።

የቴምፔው፦ ጥሩ ነው። ግን ፓሴ ግራንድ ካንየን ይሠራል። ግራንድ ካንየን ደግሞ ሰዓቱ የአሪዞና ነው።

የሜሳው፦ እሰይ! ይኼ ሰው የት ነበር?

የቻንድለሯ፦ ግራንድ ካንየንን ስንቴ ነው የምናየው? የባለፈውን ፎቶ ልለጥፍ?

የአውቶቡስ ጉዳይ፦ እሺ፣ አሁን ለመጨረሻ ጊዜ። ሞኑመንት ቫሊ ደርሶ መልስ ወደ አስራ አንድ ሰዓት መንዳት ነው። ሕጉ የሚፈቅደው አስር። ወይ ሁለተኛ ሹፌር እንከፍላለን ወይ እዚያ እናድራለን። በዚያ ላይ አውቶቡሱ ሸለቆው ውስጥ ወዳለው የ17 ማይል የአፈር መንገድ አይወርድም። ከጎብኚዎች ማዕከሉ ወዲያ ያለው በአስጎብኚ መኪና ነው። ይህን ማክሰኞ ተናግሬ ነበር፤ "የቀኑ ነው የሌሊቱ" ተባልኩ።

ጸሐፊዋ፦ ለምን አስረግጠህ አልነገርከንም?

የአውቶቡስ ጉዳይ፦ …

ገንዘብ ያዥ፦ ለሁለተኛ ሹፌር ብር የለም። ለሆቴልማ አይታሰብም።

የቴምፔው፦ ግራንድ ካንየን በግል መኪና። አውቶቡስም ቀረ፣ ሹፌርም ቀረ።

የመስተንግዶ ኮሚቴ፦ ጠጁስ?

ጸሐፊዋ፦ እንዳልረሳ፣ ረቂቅ 4። ዓላማ፦ የቤተሰብ መቀራረብ። ቦታ፦ ግራንድ ካንየን፣ ደቡቡ ጠርዝ። መጓጓዣ፦ የግል መኪና። መነሻ፦ ጎሕ ሲቀድ (6:00 ኤ ኤም)። ተቃውሞ ያለው እስከ ማታ።

የወጣቶች ተወካይ፦ አስጎብኚዋ እስከ ሐሙስ መልስ ትጠብቃለች። ምን ልበላት?

ጸሐፊዋ፦ ለሚቀጥለው ዓመት በላት።

የወጣቶች ተወካይ፦ አልላትም። አንቺ ደውዪላት። እኔና ስድስት ልጆች በሁለት መኪና ካየንታ (እዚያው አቅራቢያ ያለች ከተማ) አድረን እንሄዳለን። የወጣቶች በጀት ይሰጠን።

ገንዘብ ያዥ፦ በጀቱ ለማኅበሩ ጉዞ ነው፣ ለሁለት መኪና አይደለም። ግን ግራንድ ካንየንም በወጣቶች በጀት አይሄድም፤ "የቤተሰብ መቀራረብ" ሌላ ሣጥን ነው። ያኛው ሣጥን ውስጥ ደግሞ ምንም የለም።

የቴምፔው፦ ታዲያ ሰኞ ለቦርዱ ምን ይቀርባል?

ጸሐፊዋ፦ ሁለቱንም አስገባለሁ። ቦርዱ ይጨቃጨቅበት።

ገንዘብ ያዥ፦ እስከዚያ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ብር የላካችሁ ሦስት ሰዎች ለየትኛው ጉዞ እንደሆነ ጻፉልኝ። አንዱ ማስታወሻ "ለመስቀል ደመራ" ይላል።