ቢሮዬ የሰቀልኩት የዶሚዬ ሥዕል ደንበኛዬን አስቆጣ፤ ላውርደው?

ጀማሪው ጠበቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮ ከተከራየሁ ሦስት ወሬ ነው። ግድግዳው ባዶ ሆኖ ቢያስጠላኝ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የገዛሁትን የፈረንሳዊውን የኦኖሬ ዶሚዬን የኅትመት ሥዕል መስታወት አስገጥሜ ሰቀልኩት። ጥቁር ካባ የለበሰ ጠበቃ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል፤ አጠገቡ የተረታች ሴት ደንበኛው አለች።

ባለፈው ማክሰኞ የመሬት ክርክር ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። እኔም በየዋህነት ተረጎምኩላቸው፦ «እርግጥ ተረትተሻል፤ ግን ስከራከር መስማትሽ ሳያስደስትሽ አልቀረም» ይላታል። አልሳቁም። «ይህን ሰቅለህ ነው ልጄ ቅድሚያ ክፍያ የምትለኝ?» ብለው ሰነዶቻቸውን ሰብስበው ወጡ።

ይህ ሰው የፍርድ ቤት ሰዎችን እንዲህ የጠመደው ለምንድን ነው? ሥዕሉንስ ላውርደው?

የኅትመት መምህር፦
ዶሚዬ ፍርድ ቤትን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። በ1808 (እ.ኤ.አ.) ማርሴይ ተወልዶ ፓሪስ ሲያድግ ገና በልጅነቱ ለአንድ የፍርድ አስፈጻሚ ተላላኪ ነበር። ሁለተኛው ትውውቁ በተከሳሽነት ነው። በ1831 ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ግዙፍ አድርጎ፣ ድሆች በቅርጫት የተሸከሙትን ገንዘብ በሳንቃ ወጥተው አፉ ውስጥ ሲደፉለት፣ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ የሹመት ወረቀት ሲወርድ ሣለው። (የመቀመጫውን ዓይነት ለእናንተ እተዋለሁ።) ስድስት ወር እስራትና 500 ፍራንክ ተፈረደበት።

ዶሚዬ የሚሥልለት ጋዜጣ ባለቤት ሻርል ፊሊፖን ንጉሡን በሥዕል ሰድበሃል ተብሎ ከእርሱ በፊት ነበር የተከሰሰው። ችሎት ላይ የንጉሡን ፊት በአራት ሥዕል ቀስ በቀስ ወደ ፒር ፍሬ ለወጠው፤ ቅርጹ አቮካዶ የሚመስለው ማለቴ ነው። የመጀመሪያው የሚያስቀጣ ከሆነ ፍሬውም ያስቀጣል ብሎ ተከራከረ። ከቅጣት አላመለጠም፤ ከዚያ በኋላ ግን የፓሪስ ግድግዳ ሁሉ ፒር በፒር ሆነ።

በ1835 ሥዕል ከመታተሙ በፊት የመንግሥት ፈቃድ ይጠየቅበት ተባለ። ንጉሥና ሚኒስትር መሣል በዚያው ቀረ። ዶሚዬም ስም ወደማይጠራበት ነገር ዞረ፤ አንተ የሰቀልከው ከ1845 እስከ 1848 «ለ ሻሪቫሪ» በተባለው የፓሪስ የቀልድ ጋዜጣ ላይ ከወጣው የፍትሕ ሰዎች ተከታታይ ነው። የጠመደው እገሌ የሚባል ዳኛ የለም፤ የጠመደው ሙያው የሚያመጣውን ልማድ ነው። ደግሞ ከሥር ያለውን ጽሑፍ በአብዛኛው የሚጽፉት ሌሎች ነበሩ፤ የእርሱ ሥራ መስመሩ ነው። በቅባት እርሳስ የኖራ ድንጋይ ላይ ይሥላል፤ ከድንጋዩ ወደ ወረቀት ይታተማል። የካባውን እጅጌ ቀርበህ እየው። ጥቁሩ ወጥ አይደለም፤ የኖራ ድንጋዩ ቅንጣት በቅባት እርሳሱ መካከል ብልጭ ብልጭ ይላል። ሲታተም ስለሚገለበጥ ይህን ሁሉ ደግሞ ግራና ቀኙን ገልብጦ ነው ድንጋይ ላይ የሚሥለው።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ላደግን ሰዎች ጨዋታው ይገባናል። እኔ የምወድለት ሌላውን ነው፤ «ርቦኝ ነው የሰረቅሁት» ላለው ምስኪን ዳኛው «እኔም በየቀኑ ማለት ይቻላል ይርበኛል፤ ግን አልሰርቅም» ይለዋል። በሥራ ዘመኔ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የሚጥላቸው ዳኛ ነበሩ። ጠበቆቹ ያውቁ ስለነበር ዋናውን ነጥብ እስኪነቁ ያቆዩት ነበር። ያኔ እርሳስ መያዝ ብችል ኖሮ!

ለመሆኑ የእኛስ በላ ልበልሃ ምን ነበር? አባቴ ሲነግሩን ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ሰብቆ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ ነው። እጅጌው በኩታ ተተካ እንጂ ሰውየው ያው የዶሚዬ ሰው ነው። ሥዕሉን አታውርድ።

ባለጉዳይ ነኝ፦
ሁላችሁም የወንበሩ ወዲያ ማዶ ሰዎች ስለሆናችሁ ነው የምትስቁት። እኔ አራት ዓመት በቀጠሮ ተመላልሻለሁ፤ ያን ሥዕል ባየው እንደ አዛውንቱ እወጣ ነበር። መስቀል ከፈለግህ አንተ በምታየው በኩል ስቀለው።

ጀማሪው ጠበቃ፦
አመሰግናለሁ። ከደንበኛው ወንበር ጀርባ አዞርኩት፤ አሁን ስለ ክፍያ ስናገር ፊት ለፊት የማየው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ካሰብኩት ዋጋ ሩቡን ቀንሼ ተስማማሁ። በዶሚዬ ምክንያት ስከስር ይህ ሁለተኛዬ ነው።