ኤስኢሊኑክስን በማኅበራችን ሰርቨር ላይ ለማብራት፦ ረቂቁን አብረን እንቅረጽ

አስተባባሪ፦
ሰላም አባላት። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ሰርቨራችን ሮኪ ሊኑክስ 9 ነው። ኤስኢሊኑክስ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነው የደኅንነት ሥርዓት፣ አብሮት ይመጣል፤ ሰርቨሩ ሲተከል ግን ተዘግቷል፣ እስካሁንም እንደተዘጋ ነው። የአባላት ስልክና የመዋጮ መዝገብ ያለው እዚያው ላይ ነው። ዛሬ አንድ ሰው በድረ ገጹ ቀዳዳ ገብቶ የሩት (የሁሉ አዛዥ የሆነውን አካውንት) ሥልጣን ቢይዝ ሁሉም ነገር በእጁ ነው። ኤስኢሊኑክስ ሲበራ ግን በዌቡ በኩል የገባው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ሩት ቢሆን እንኳ ፖሊሲው (የፈቃድ ደንቦቹ ስብስብ) ከፈቀደለት አያልፍም።

በትንሹ እንጀምር ባይ ነኝ። ሚኒመም የሚባለው ፖሊሲ የተመረጡ አገልግሎቶችን ብቻ ያጥራል፤ ሌላው እንደ ድሮው ይሠራል። ዌብ ሰርቨሩ ከተመረጡት አንዱ ነው። የውጭ ሰው የሚደርስበትም እሱ ስለሆነ ከእሱ መጀመሩ ተገቢ ነው።

የዳታቤዝ ኃላፊ፦
በትንሹ መጀመሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን በሚኒመም የማይኤስኪውኤል ሞጁል (ለዳታቤዝ የተጻፈው የፖሊሲ ክፍል) ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ዳታቤዛችን ማሪያዲቢም የሚታጠረው በእሱ ነው። እንዲሁ ከተውነው ዌቡ ይታጠርና ዳታቤዙ ልቅ ይሆናል። ዌቡ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝም ክልከላ ሊገጥመው ይችላል፣ ያን ጊዜ የመዋጮው ገጽ ቆመ ማለት ነው። ሞጁሉ አልጠፋም፣ በሴሞጁል ትእዛዝ ይከፈታል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ቅደም ተከተሉ በግልጽ ይጻፍ። መጀመሪያ ሞጁሉ ይከፈት፣ ከዚያ ፋይሎቹ ሌብል፣ ማለትም ፖሊሲው የፋይሉን ዓይነት የሚለይበት ምልክት፣ ይለጠፍባቸው። ከተገለበጠ የዳታቤዙ ፋይሎች የራሳቸውን ሌብል አያገኙም።

አዲስ አባል፦
እኔ ኡቡንቱ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን አፕአርሞርን ነው የለመድኩት። በፋይሉ መንገድ ስለሚሠራ ሌብል ምናምን የለውም። እሱ አይቀልም?

አስተባባሪ፦
ይቀላል ወንድሜ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ቢሆን እኔም እሱን ነበር የምለው። ሮኪ የሚገኝበት የሬድ ሃት ቤተሰብ ግን ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) ፓኬጆቹም የተሰናዱት ለኤስኢሊኑክስ ነው። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ አታውቀውም እንጂ እየተጠቀምክበት ነው፤ ከ2014ቱ አንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በኤስኢሊኑክስ ታጥሯል።

የዌብ ኃላፊ፦
የእኔ ስጋት ከበራ በኋላ ያለው ነው። በምሠራበት ቦታ በተደጋጋሚ የማየውን ልንገራችሁ። ሠራተኛው ፎቶውን መጀመሪያ ሆም ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ በኤምቪ ትእዛዝ ወደ ዌቡ ፎልደር ያዛውረዋል። ገጹ ሲከፈት 403 (ክልክል ነው) ይላል። የፋይሉ ፈቃድ ሲታይ ምንም ችግር የለበትም። ሰውየው ተናዶ 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ) ይሰጠዋል። አሁንም 403።

ክልከላዎች የሚመዘገቡበትን የኦዲት ሎግ ብትከፍቱት ግን በአንድ መስመር ተጽፏል። ጠያቂው ኤችቲቲፒዲ_ቲ (የዌብ ሰርቨሩ ሌብል)፣ የተጠየቀው ፋይል ዩዘር_ሆም_ቲ (የሆም ፎልደር ሌብል)፣ ውጤቱ ዲናይድ (ተከልክሏል)። ኤምቪ ፋይሉን ከነሌብሉ ነው የሚያዛውረው። ፋይሉ ቦታ ቢቀይርም ለፖሊሲው አሁንም የቤት ፋይል ነው። መፍትሔው ሪስቶርኮን የሚባለው ትእዛዝ ነው፣ ሌብሉን ከአዲሱ ቦታ ጋር ያስማማዋል።

ይህን የማያውቅ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ሴትኢንፎርስ 0 ብሎ ክልከላውን ያነሳና በዚያው ይረሳዋል። ወይ ሎጉን እንዳለ ከክልከላዎቹ አዲስ ፈቃድ የሚጽፈው ኦዲት2አላው ላይ ይደፋና የወጣውን ሁሉ ይጭናል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ዌቡ የሰው ሆም ፎልደር እንዲያነብ ለሁልጊዜው ፈቀድንለት ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ አባል መስመሩን አይቶ ሳያጸድቅ አንድም አዲስ ፈቃድ እንዳይጨመር ረቂቁ ላይ ይግባ። ያለዚህ አንቀጽ ድምፄን አልሰጥም።

ገንዘብ ያዥ፦
የቴክኒኩን ለእናንተ ትቻለሁ። አገልግሎቱ ለምን ያህል ጊዜ ይቋረጣል? መብራት ቢሄድስ?

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁ። ሌብል የሚለጠፈው ማሽኑ ሲነሳ ነው፤ ርዝመቱ በፋይሉ ብዛት ይወሰናል። በመሃል መብራት ቢሄድ ፋይሉ አይጠፋም፣ ሥራው ግን ከመጀመሪያው ይደገማል። ስለዚህ ባክአፕ ተወስዶ፣ ዩፒኤሱ ሙሉ ሆኖ፣ እሑድ ከሰዓት ይሁን።

አባል ከሜሪላንድ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከተዘጋበት በቀጥታ ወደ ኢንፎርሲንግ፣ ማለትም በእርግጥ ወደሚከለክልበት ሁነታ፣ አይኬድም። ተዘግቶ እያለ የተፈጠሩት ፋይሎች ሌብል የላቸውም፣ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። በመሃል ፐርሚሲቭ ይኑር፤ ይመዘግባል እንጂ አይከለክልም። የወር መጨረሻ መዋጮ የሚሰበሰብበትና ባክአፕ የሚሄድበት ቀን በዚህ ጊዜ ውስጥ ማለፍ አለባቸው። ያልተሠራ ሥራ ሎግ ላይ አይታይም።

ወደ ኢንፎርሲንግ በምናልፍበት ቀን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ሰው ይቀመጥ። ማሽኑ ካልተነሳ እኔ ከዚህ በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) ምንም ላደርግ አልችልም። ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው የግሩብ ሜኑ ላይ ኢንፎርሲንግ=0 (በፐርሚሲቭ ተነሳ) ብሎ የሚጽፍ እጅ ያስፈልጋል።

አስተባባሪ፦
የሁላችሁንም አስገብቼ ረቂቁ እንዲህ ሆኗል።

«ማኅበሩ በሰርቨሩ ላይ ሚኒመም ፖሊሲን ይጭናል፤ የዳታቤዙን ሞጁል ከፍቶ ሁሉንም ፋይል ሌብል ያደርጋል። ቢያንስ አንድ ሙሉ የመዋጮ ወር በፐርሚሲቭ ይቆያል። አዲስ ፈቃድ የሚጨመረው ከጠያቂው ሌላ አንድ አባል ሎጉን አይቶ ሲያጸድቅ ነው። ወደ ኢንፎርሲንግ ሲታለፍ አንድ አባል በአካል ይገኛል። ከዚያ በኋላ ችግር ቢፈጠር ፐርሚሲቭ የሚደረገው ችግር ያለበት አገልግሎት ብቻ ነው፤ ሙሉ ሰርቨሩ አይደለም።»

በአካል የሚገኘው ሰው ስም ገና አልተሞላም።

የዳታቤዝ ኃላፊ፦
የእኔን ሙላው። የቢሮው ቁልፍ ግን ጋሼ ዘንድ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂ።