ጥቆማ፦ የሂከሪ ደጋን ለምትሠሩ፤ ልባሱ ምን ይሁን? ልኩስ?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደጋን በእጃችሁ ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ ቀድማችሁ የምትጠይቁት «ጀርባውን በምን ላልብሰው?» የሚለውን ነው። ጀርባ የምንለው ወደ ዒላማው የሚዞረውን የደጋኑን ፊት፣ ሆድ ደግሞ ወደ ተኳሹ የሚዞረውን ነው፤ ልባስ ማለት ጀርባው እንዳይሰነጠቅ የሚለጠፍበት ስስ ሽፋን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የጣውላውን ድርቀት ነው። ሂከሪ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ሲወጠር ቶሎ አይበጠስም። እንዲያውም በሌሎች እንጨቶች ጀርባ ላይ እንደ ልባስ የሚለጠፈው እሱ ራሱ ነው። ችግሩ እርጥበት መምጠጡ ነው። እርጥበት የያዘ ሂከሪ በሆዱ በኩል ይጨፈለቅና ደጋኑ ጎብጦ ይቀራል። ፍላጻውም ፍጥነት ያጣል። ይህን የትኛውም ልባስ አያስተካክለውም።

ጣውላውን ከየት? ሆም ዲፖና ሎውስ በብዛት የሚይዙት ቀይ ኦክና ፖፕላር ነው። ለሂከሪ ጠንካራ እንጨት ብቻ የሚሸጡ መጋዘኖች ይሻላሉ። ሳይላግ በቦርድ ፉት (አንድ ኢንች ውፍረት ያለው፣ አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነ ጣውላ መጠን) ስለሚሸጡ ዋጋው ይቀላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከክምሩ መርጣችሁ ታነሳላችሁ። ሮክለርና ውድክራፍት የተባሉት የእንጨት ሥራ ሱቆች ተልጎ የተዘጋጀ ይሸጣሉ። ሥራ ይቀንስላችኋል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ምርጫውም ጠባብ ነው። መላጊያ ማሽን ለሌለው ሰው ያዋጣል።

ስትመርጡ አትቸኩሉ። ጣውላውን ወደ ብርሃን አዙሩና ከእንጨቱ የተፈጥሮ መስመሮች አንዱን በጣታችሁ ተከተሉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ ጥሩ ነው። መሀል መንገድ ላይ በጎን በኩል ካመለጠ መልሱት። ከዚያ ጣውላውን በጎኑ አቁሙና እዚያም እንደዚሁ እዩ፤ ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ ይገዛል። መስመሩ ቀጥ ያለ ሂከሪ ካገኛችሁ ልባስ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም። ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አለዝቡና ሥራችሁን ቀጥሉ።

እርጥበቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሃርበር ፍሬት ውስጥ የሚሸጠው ርካሹ የእርጥበት መለኪያ ለዚህ ይበቃል። ከሌላችሁ ጣውላውን በግምት ቅርጹን አስይዙና ሞቅ ባለ ደረቅ ክፍል አስቀምጡ፤ በየጥቂት ቀኑ በኩሽና ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። በሰመር ጋራዥ ውስጥ አታስቀምጡት፤ የእኛ አካባቢ አየር ወዲያው ያረጥበዋል። ዴንቨር ያላችሁ ታድላችኋል፣ ሂከሪ ደረቅ አገር ይወዳል።

አሁን ወደ ልባሱ። መስመሩ ትንሽ ካመለጠና ጣውላውን መጣል ካልፈለጋችሁ፣ እኔ የምመክረው ሊነን ጨርቅ ነው። ከጨርቅ ቤት ተገዝቶ ታይትቦንድ 3 በሚባለው የእንጨት ሙጫ ይለጠፋል፤ ቀላል ነው፣ ደጋኑን አያከብደውም። ሐርም ይሠራል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ያልተለፋ ቆዳ ከሁለቱም ይልቅ አስተማማኝ ነው። ለውሻ የሚሸጠውን ትልቁን የቆዳ አጥንት ገዝታችሁ ውኃ ውስጥ ብታሳድሩት ቋጠሮው ይለቃል፣ ተዘርግቶም ሰፊ ቆዳ ይሆናል። ሳይነጣና ሳይቀባ የተሸጠውን ምረጡ። ክፍሉ ትንሽ ይሸታል፣ ቻሉት። ቆዳው እርጥብ ሆኖ ስለሚለጠፍ እንጨቱም ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሳትስቡት እንደገና እስኪደርቅ ጠብቁ። ጅማት ለአጭር ደጋን እንጂ ለረጅም ደጋን አያስፈልግም፤ ክብደት ይጨምራል፣ እርጥበትም አይወድም። ቀርከሃን ደግሞ ሂከሪ ላይ አታድርጉ። ጀርባው ድሮም ጠንካራ ነው፤ ይባስ ስታጠነክሩት ጫናው ሁሉ ሆዱ ላይ ይወድቃል።

ልኩን በተመለከተ፣ አውታሩን 28 ኢንች ለሚስብ ሰው የደጋኑ ርዝመት ከ68 እስከ 70 ኢንች ይሁን። ስፋቱ ከመያዣው አጠገብ 1.75 ኢንች ሆኖ እስከ ክንዱ (ከመያዣው እስከ ጫፍ ያለው የሚታጠፈው ክፍል) ግማሽ በዚያው ይቀጥል፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ወደ ግማሽ ኢንች ይጥበብ። መያዣው 4 ኢንች፣ በሁለቱም ወገን ደግሞ ወደ ክንዱ የሚወርድ 2 ኢንች ተዳፋት ይኑረው። የእንግሊዙን ጠባብና ሆዱ ክብ ደጋን የምትወዱ ትኖራላችሁ፤ ለሂከሪ ግን ጠፍጣፋው ሆድ ይበጃል፤ ጫናውን ሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል።

ውፍረቱን 5/8 ኢንች ላይ ጀምሩና እየፋቃችሁ ውረዱ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ስፋቱን በ10 በመቶ ብትቀንሱ ጉልበቱም (ደጋኑን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል) በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውፍረቱን በ10 በመቶ ብትቀንሱ ግን 27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መጨረሻው አካባቢ ሞረዱን አስቀምጡና በመፋቂያ ብቻ ሥሩ። በፋቃችሁ ቁጥር ደጋኑን ደጋግማችሁ በቀስታ ሳቡትና ሁለቱ ክንዶች እኩል መታጠፋቸውን እዩ። ካሰባችሁት ጉልበት፣ ለምሳሌ ከ40 ፓውንድ፣ በላይ በፍጹም አትሳቡት።

አውታሩ ዳክሮን ይሁን፣ ቢ-50 ወይም ቢ-55። ዳክሮን ትንሽ ስለሚለጠጥ ለእንጨት ደጋን አይከብድም። ፋስት ፍላይት የሚሉት ብዙ የማይለጠጥ አውታር ፈጣን ቢሆንም ጫፎቹን ሳታጠናክሩ እንዳትሞክሩት። እኛ አካባቢ ያሉት የቀስት ሱቆች በአብዛኛው ለዘመናዊው ኮምፓውንድ ደጋን ነው ዕቃ የሚይዙት። ኢንዲያና ያለው ስሪ ሪቨርስ አርቸሪ ግን አውታሩንም፣ የልባስ ቁሳቁሱንም በፖስታ ይልካል።