ጢስ ዓባይ ለሁለት ሰው፦ መቼ፣ በየት በኩል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ቦርሳ አዝለን ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ልንወጣ ነው። መስከረም ይሻላል ወይስ ጥር? አስጎብኚስ ያስፈልጋል?

መልስ 1፦ መስከረም። በበጋ ብዙው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር 40 ሜትር ገደማ ከሆነው ገደል ቀጭን ክር ብቻ ሲወርድ ልታዩ ትችላላችሁ። በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንገዱን ሰላም የዚያኑ ዕለት ጠይቁ።

መልስ 2፦ በአላታው የድንጋይ ድልድይ ገብታችሁ በጀልባ ተመለሱ። ወንዙ በጣም ከሞላ ግን ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል በመጣችሁበት ለመመለስ ሰዓት ያዙ። አስጎብኚውን ከትኬት መቁረጫው ያዙ፤ ዋጋው ለሁለታችሁ መሆኑን፣ ጀልባውንም መጨመር አለመጨመሩን ሳትነሱ ጨርሱ።

መልስ 3፦ ጭቃው ጫማ ሥር እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ሶሉ ያለቀ ስኒከር አይሆንም። ትልቁን ቦርሳ ሆቴል ተዉት፣ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። ፍንጣቂው ከሩቅ ነው የሚያገኛችሁ።