ጥያቄ፦ ከሰልባጅ ያገኘሁት የዳይኔዜ ጃኬት ይገዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሐረጎ ቁልቁለት (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ከደሴ ኮምቦልቻ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ሐረጎን በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ እወጣለሁ እወርዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ጉም ውስጥ ኩርባው ላይ ጭቃ አንሸራተተኝ። ሞተሩ ደህና ነው፣ የኔ ክርን ግን እስካሁን አልደረቀም። የለበስኩት ሹራብ ነበር፤ አትሳቁ።

ትናንት ፒያሳ አካባቢ ሰልባጅ የሚሸጥ ልጅ ጋ ጥቁር የቆዳ ጃኬት አየሁ። ደረቱ ላይ የሰይጣን ጭንቅላት አለበት፤ ዳይኔዜ ይላል። 9,000 ብር ብሎኛል፣ ትንሽ ብንጨቃጨቅ 7,500 ይወርዳል። ትከሻውና ክርኑ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ይዳሰሳል። ጀርባው ግን ባዶ ኪስ ነው። ነቅለውት ይሆን? ደህና ዕቃ መሆኑንስ በምን ልለየው? እናቴ ደግሞ ፎቶውን አይታ «ያንን ሰይጣን ለብሰህ ቤቴ አትገባም» ብላለች። ለሱም መላ ያለው ይጻፍልኝ።

ደሴ በጣሊያን
እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ኩባንያው የጣሊያን ነው። ሊኖ ዳይኔዜ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 ቪቼንዛ አጠገብ ሞልቬና የምትባል ትንሽ ቦታ ላይ ጀመረው። መጀመሪያ የሠራው የሞቶክሮስ (አፈር ላይ የሚካሄድ የሞተር ውድድር) ሱሪ ነው፤ አሁን ለበረዶ ሸርተቴና ለብስክሌትም ይሠራሉ። ሰይጣኑ ዓርማቸው ነው፣ ለእማማ እንዲህ በልልኝ።

ጀርባው ምናልባት አልተነቀለም። ብዙዎቹ ጃኬቶቻቸው የትከሻና የክርን ፕሮቴክተር (ምት የሚችል መከላከያ) ይዘው ይሸጡና ለጀርባው ኪስ ብቻ ይተዉልሃል። የጀርባውን ለብቻ መግዛት ነው።

ጋራዥ ነኝ
ስሙን ተወው፣ ዓርማ ማንም ይሰፋል። ዚፑን ክፈትና ፕሮቴክተሩን አውጣው። ላዩ ላይ የሞተረኛ ሥዕልና ቁጥር መታተም አለበት። የክርንና የትከሻ ከሆነ ኢኤን (የአውሮፓ የጥራት ደረጃ) 1621-1፣ የጀርባ ከሆነ 1621-2 ይላል። ከሥዕሉ ጎን 1 ወይም 2 የሚል ደረጃ አለ። ለጀርባ ደረጃ 1 ማለት ሲመታ ወደ ሰውነትህ የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ ከ18 ኪሎ ኒውተን አይበልጥም ማለት ነው። ደረጃ 2 ከ9 አይበልጥም። ስለዚህ ካገኘህ 2ን ያዝ። ምንም ያልተጻፈበት ስፖንጅ ካገኘህ ግን የሶፋ ስፖንጅ ነው፣ ሂሳቡን በዚያ አድርግ።

ቆዳ ሰፊው፣ ኮምቦልቻ
እኔ ቆዳውን ልንገርህ። ነጭ ጨርቅ ውሃ አስነካና ክርኑንና ትከሻውን እሽት እሽት አድርገው። ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም ተቀብቷል። ለምን ተቀባ? አስፋልት ላይ ተጎትቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እጅጌውን እጠፍና ቆዳው መሰነጣጠቁን እይ። ስፌቱን በሁለት እጅህ ወዲህና ወዲያ ሳበው፤ ክሩ ጥርሱን ካሳየህ በስብሷል። እኔ ልሰፋልህ እችላለሁ፣ ግን የትከሻ ስፌት ፈትቶ መስፋት ከጃኬቱ እኩል ያስከፍላል፣ እውነቴን ነው። ፕሮቴክተሩንም ጨመቅ አድርገው። እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ አርጅቷል።

ሰይጣኑን በቁራጭ ቆዳ እሸፍንልሃለሁ። ለእናት ሲባል በነፃ።

ሸዋ በር
ኧረ ተዉት! ይሄን ሁሉ ብር ለአሮጌ ቆዳ? ሐምሌ ላይ ዝናቡን ጠጥቶ እንደ በግ ቆዳ ይከብድሃል። ኮምቦልቻ ስትወርድ ደግሞ ላብ በላብ ነው። እኔ ወፍራም ጂንስ ጃኬት ለብሼ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

ጋራዥ ነኝ
ሸዋ በር፣ አልወደቅክማ! ጂንስ አስፋልት ላይ ወዲያው ነው የሚበሳው። ዝናቡ ላይ ግን ልክ ነህ። ላዩ ላይ የዝናብ ልብስ ይደርብበት።

ሲስተር
ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ሰው ሲወድቅ የሚያስቀድመው እጁን ነው። መዳፉ ተልጦ ጠጠር የገባበትን ስንቱን አጥበናል። እና ወንድም ዓለም፣ ስለ ጓንት አንድም ቃል አልጻፍክም። ሄልሜትህስ? ማሰሪያውን ትቆልፈዋለህ ወይስ እንደ ባርኔጣ ጣል ነው? ሄልሜት ደግሞ ከሰልባጅ እንዳትገዛ። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም አንዴ ከተመታ ይጨፈለቃል፣ ከውጭ ግን አዲስ ይመስላል።

ሐረጎ ቁልቁለት (ጠያቂ)
ሲስተር፣ ሄልሜት አለኝ፣ እቆልፋለሁ። ጓንት የለኝም፣ አፈርኩ። ልጁ ኤርባግ (ስትወድቅ የሚነፋ ከረጢት) ያለው ጃኬትም ይመጣልኛል እያለ ነው፣ እሱስ?

ደሴ በጣሊያን
ኤርባጉ ጥሩ ነገር ነው። ሞቶጂፒ (ትልቁ የዓለም የሞተር ውድድር) ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ነው። ግን አንዴ ከተነፋ የሚነፋው ጋዝ መቀየር አለበት። ደሴ ማን ይቀይርልሃል? ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ይሥራ አይሥራ የምታውቀው ስትወድቅ ነው። ይቅርብህ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ጃኬቱን ለብሰህ ሞተሩ ላይ ተቀመጥ፣ መሪውን ያዝ። ቆመህ ልክ የነበረ እጅጌ ስትቀመጥ ይሸሻል።

ሐረጎ ቁልቁለት (ጠያቂ)
ዛሬ ሄጄ መጣሁ። ቁጥሩ አለ፣ 1621-1፣ ደረጃ 1። ፎሙም አልተፈረፈረም። ነጩ ጨርቅ ግን ግራ ክርኑ ላይ ከሰል መሰለ። ልጁ «የደሴ አቧራ ነው» አለኝ። ሞተሩ ላይ ስቀመጥ ደግሞ የክርኑ ፕሮቴክተር ዞሮ ክንዴ ላይ ቀረ፣ ክርኔ ባዶውን ነው። ለኔ ሁለት ቁጥር ይሰፋል። 5,000 ድረስ ወርዶልኝ ነበር፣ ትቼው መጣሁ።

ጓንት ገዛሁ፣ መዳፉ ላይ ድርብ ቆዳ ያለው። እናቴ ደስ ብሏታል። 48 ቁጥር፣ ክርኑ ያልተቀባ ጃኬት ያያችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ሰይጣን ቢኖርበትም ችግር የለም፣ ኮምቦልቻ የሚሸፍንልኝ ሰው አግኝቻለሁ።