ጫጫ ዳር ላይ ቤት ስለመግዛት

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የማስተምር መምህር ነኝ። የከተማው ኪራይ ስለከበደኝ በአቅራቢያው ካለችው ከጫጫ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ከነግቢው ለመግዛት አስቤአለሁ፤ ሻጩ አርሶ አደር ሲሆኑ የሚያሳዩኝ ግን አረንጓዴ ደብተር ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እባክህ ቀብድ እንዳትከፍል። አረንጓዴው ደብተር የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ እንጂ የከተማ ቦታ ካርታ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀትም ይህን አይቀይረውም። ሻጩ ቅን ሰው ቢሆኑ እንኳ ነገ ወራሾቻቸው ሊከሱህ ይችላሉ።

መልስ 2፦ ከተማው ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ብትፈልግ ይሻልሃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ ስላለበት፣ ከዚያ አስቀድመህ እግድና የባንክ ዕዳ እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤቱ አጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ይፈርሙ።

መልስ 3፦ ስለ ኑሮው ልጨምር። ጫጫ ለሥራህ ቅርብ ናት፣ ጎረቤቱም መልካም ነው፤ ነገር ግን ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ብርቱ ስለሆነ ኮርኒስ የሌለው ቤት ለሕፃናት ይከብዳል። የውኃውንና የመንገዱን ሁኔታ ለማየት መጀመሪያ አንድ ክረምት ተከራይተህ ኑር።